ባለቤት አርፈዋል

ቡሬ የገባሁ ጊዜ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ አንድ አረጋዊ ነበሩ። የከተማውን እድገት የሚያውቁት በእግራቸው ነው። በጉልምስናቸው ሦስት ቦታ ቆመው ከነፉ ከተማው በሙሉ ይሰማ እንደነበር ነግረውኛል፤ አንዴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር፣ አንዴ ከእህል ገበያው አፍ፣ አንዴ የነቀምት መንገድ ከሚገነጠልበት። ኋላ አምስት ቦታ ሆነ፣ ከዚያም ስምንት። ጉልበታቸው ከድቷቸው ጥሩምባውን ለእኔ ሲያስረክቡ አስራ አንድ ደርሶ ነበር።

እኔን የመረጡኝ በድምፄ አይደለም። ዝምተኛ ነኝ። ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ካለ ቀበሌ ስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ወርጄ፣ በአንድ እህል መጋዘን ጆንያ እሰፋለሁ። መጋዘኑ ጥግ ከወዳደቀ ወረቀት መካከል ሽፋን የሌለው የሰዋስው መጽሐፍ አግኝቼ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አረጋዊው ይህን ሰምተው ነው «ቃል የሚጠነቀቅ ልጅ ነው» ብለው ለእድሩ ዳኛ ያቀረቡኝ። ለአገልግሎቴ እንደ አባል እቆጠራለሁ። ብሞት ድንኳን ይተከልልኛል ማለት ነው።

ስምንተኛው መቆሚያ መጀመሪያ ሳውቀው የበቆሎ ማሳ ነበር። በዓመቱ ችካል ተተከለበት፤ በሦስተኛው ዓመት የብሎኬት አጥርና የቆርቆሮ በር ሆነ። እያንዳንዱ ግቢ ከፊት የባለቤቱን ቤት ይሠራና ከኋላ በአጥሩ ልክ ሰርቪስ ክፍሎች ይደረድራል። ተማሪ አለ፤ በከተማው ፋብሪካዎች ሥራ ይገኛል ሲባል ሰምቶ የመጣ አለ፤ ከአባይ ማዶ ተፈናቅሎ የመጣ አለ። ማን የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። አረጋዊው ግን ያስተማሩኝ የጥንቱን የአለፋፈፍ ቅደም ተከተል ነበር። መጀመሪያ ግቢውን፣ ቀጥሎ ሰውየውን፣ በመጨረሻ የቀብሩን ሰዓት።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ገና አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። የመጋዘናችን ተሸካሚ ሚስት ናት። ባሏን በደንብ አውቀዋለሁ። ከአባይ ማዶ ከመጡት አንዱ ነው፤ እኔ የሰፋሁትን ጆንያ እሱ ይሸከማል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ሦስት ቀን ትኩሳት ይዞት ከሥራ ቀርቶ ነበር።

«ወንድምዓለም» አለችኝ፤ «ባለቤቴ ዐረፈ። አገሩ እንዳልወስደው አገር የለውም፤ መንገዱም ዝግ ነው። እንደ ሰው ይቀበርልኝ።»

ከዚህ ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም። ወደ እድሩ ዳኛ ሄጄ ነገርኋቸው። ሰውየው አባል ስላልሆነ ድንኳንም ወንበርም እንደማይወጣለት አስረዱኝ። ጥቂት አሰቡና ቃሬዛውን እንድወስድ፣ ጥሩምባውንም እንድነፋ ፈቀዱ። ትንፋሽ ከእድሩ ዕቃ አይቆጠርም አሉ።

እየሄድሁ ቃሉን በልቤ አስተካከልሁ። አረጋዊው ቢሆኑ «የእከሊት ባል ሞተ» ነበር የሚሉት። «ባል» የሚለው ቃል ለአደባባይ የማይመጥን መሰለኝ። እሷም ባለቤቴ ነው ያለችው። ተሸካሚ ነውና ሰው እንዳይንቀው ደግሞ በአንቱታ ልጠራው ወሰንሁ። አስራ አንዱም ቦታ ላይ አንድ ፊደል ሳላዛባ እንዲህ አልሁ፦ በባለወፍጮው ግቢ፣ የእከሊት ባለቤት አርፈዋል፤ ቀብራቸው በስድስት ሰዓት ነው። የሴትየዋን ስም በእከሊት ፈንታ አስገብቼ አስራ አንድ ጊዜ ጠራሁት። የማይታወቅ ስም ግን ጆሮ ላይ አያርፍም። በባጃጁ ጩኸትና በአጥሩ መካከል ለሰው የደረሰው ግቢው፣ ባለቤትና አርፈዋል ብቻ ነበር።

ባለወፍጮው አከራይዋ ነው። ከነቤተሰቡ በቆሎ ሊሰበስብ ገጠር ወርዶ፣ ትልቁ ቤት ተቆልፎ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ስመለስ ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው አጥር ይዘው ቆመዋል። ሁለት መቶ ድረስ ቆጥሬ ተውሁት። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ጥሩ ጠርቻለሁ ብዬ ነበር። ሚስቲቱ ከሰርቪሷ በር ቆማ ሕዝቡን ታያለች። «ይህ ሁሉ ሰው ያውቀዋል እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

መልስ ሳልሰጣት የባለወፍጮው እህት ገባች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች፣ ደረቷን እየመታች፣ ሬሳው ያለበትን ክፍል አልፋ ወደ ተቆለፈው ትልቅ ቤት ሮጠች። ሕዝቡም ተከትሏት አለቀሰ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ሰው ይበተናል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አፈርሁ።

ብዙም ሳይቆይ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ባለወፍጮው ወረደ። የበቆሎ ገለባ ትከሻው ላይ አለ። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው አዩት።

«አንተ፣ አልሞትህም እንዴ?»

«ዛሬ አልተመቸኝም፣ እማማ» አለ።

ጥቂቶች በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። እህቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ኋላም በጡጫ መታችው። እሱ ግን ሲስቅ አላየሁትም። በሕይወት ሳለ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው አጭር ነው ይባላል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ማን ነው የለፈፈው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልሁ። ምን ብለህ ሲለኝ ቃል በቃል ደገምሁለት።

«ባለቤት?» አለ፤ ወደ ሰርቪሱ እየጠቆመ። «የምን ባለቤት? ምን ቤት አለውና!»

ሚስቲቱ ከበሩ አልተነቃነቀችም። «የእኔ ባለቤት ነው» አለች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መውጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ሲያልፉ እግዜር ያጥናሽ አሏት። ክፉዎች አልነበሩም፤ የአጨዳ ወራት ነው፣ ሁሉም ሥራውን ጥሎ የመጣው ለሚያውቀው ሰው ነበር። ባለወፍጮውም ሟርቱን ሊያስለቅቅ ወደ ጠበል ሄደ። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ከእኔ ጋር ስድስት ወንዶች ቀረን፤ አራቱ የመጋዘን ተሸካሚዎች ናቸው። ቃሬዛውን አራት ሆነን አነሣን፤ ሁለቱ ለቅያሬ ከኋላ ተከተሉ።

በሩ ላይ ስንደርስ የባለወፍጮው እህት ዓይኗ እንዳበጠ ተነሥታ ከሚስቲቱ ጎን ቆመች። ሰዎች «ወደ ቤት ግቢ» ሲሏት «ያፈሰስሁትን እንባ መልሼ አልውጠው» አለች። መንገድ ላይ የሟቹን ስም ጠየቀች። ሚስቲቱ ነገረቻት። ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በዚያ ስም አለቀሰች። በነቀምት መንገድ ዳር መንገድ ተዘግቶባቸው በቆሙት የጭነት መኪኖች አጠገብ ስናልፍ፣ ጥላ ሥር ካርታ የሚጫወቱት ሾፌሮች ብቻ ተነሥተው ቆሙ።

በሳምንቱ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሕዝብ ያለ ቦታው እንዳያለቅስ ተብሎ ተወሰነ፤ ከእንግዲህ ሟቹ ተከራይ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ተከራይ ተብሎ ይለፈፋል። የተቃወመ አልነበረም። እኔም ተከራይ ነኝ፤ አልተቃወምሁም። ስንወጣ አረጋዊው በከዘራቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ።

«ባል ብትል ምን ነበረበት?»

ሚስቲቱ አርባውን በአንድ ዳቦ አውጥታ ክፍሉን ለቀቀች። ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ተፈናቃዮች ወዳሉበት መሄዷ ነበር። ልትሰናበተኝ መጋዘን መጥታ፣ «የተቋረጠው ስልክ ሲከፈት ለእናቱ ሁለት መቶ ሰው መጥቶለት ነበር ብዬ ልነግራት ነው፤ ውሸት ይሆንብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። መጥቷል አልኋት። ጨርቋን አንሥታ ሄደች።

በጥር ሌላ ሰው ሞተ፣ የእንጨት ሥራ ሠራተኛ። ስምንተኛው መቆሚያ ላይ ቆሜ ነፋሁና በውሳኔው መሠረት ጀመርሁ። አንድ የቆርቆሮ በር ተከፈተ፤ ነጠላዋን ለማዘቅዘቅ የያዘች ሴት አንገቷን አወጣች።

«ተከራይ ነው ያልኸው?»

«አዎ።»

«እሽ» አለች።

በሩ ተዘጋ። ሦስት ቦታ ቀርቶኝ ስለነበር መንገዴን ቀጠልሁ።