አጋሮ አዳራሽ ውስጥ የተነበበው ስም

ማክሰኞ፦ ከአየር ጤና እስከ ጅማ

ነጂብ ደውሎ «ክርክር አለብኝ፣ ድረስልኝ» ሲለኝ ሁለቴ አላሰብኩም። ነጂብ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ አጋሮ ከተማ ታሪክ ያስተምራል፤ ዘንድሮ ለምክር ቤት በግሉ ይወዳደራል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎችን ክርክር አሠለጥናለሁ። በአፌ የምመካ ሰው ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል።

ከአየር ጤና መናኸሪያ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ተነሳሁ። ታሪፉ ዘጠኝ መቶ ብር ነው፤ ሾፌሩ ለሻንጣዬ ሌላ መቶ ጨምር አለኝ፤ ተጨቃጭቀን በሃምሳ ተስማማን። ወልቂጤ ላይ ቁርስ በላን። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ጃኬት አስወለቀን፤ ድልድዩ ጋ ማንጎ ገዝቼ እጄ እስኪጣበቅ በላሁ። ከሰኮሩ በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ሰውም ዝናብ ስለጣለ ደስ ብሎታል።

ጅማ የገባሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከመናኸሪያው የያዝኳት ባጃጅ መስታወቷ ላይ የአንድ ቡና ነጋዴ ፎቶ ተለጥፎባታል። የነጂብ ተቀናቃኝ እሱ ነው። ሾፌሩን «ለዚህ ይከፍሉሃል እንዴ?» አልኩት።

«የሳምንት ነዳጅ ችለውኛል፣ ወላሂ። አንተም ተወዳዳሪ ካለህ ከኋላ ባዶ ቦታ አለ» ብሎ ሳቀ።

ረቡዕ፦ አጋሮ

ከጅማ አጋሮ አንድ ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ነው፤ ከላዩ ትልልቅ የጥላ ዛፎች አሉ። ከተማው መግቢያ ላይ የነጋዴው ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና አገሩን ያደነቁረዋል፤ ቲሸርቱን ያልለበሰ ጎረምሳ የለም። ነጂብ ያለው አንድ የተዋሰው ሞተር ሳይክልና ድምፁ የተዘጋ ጉሮሮ ነው። ሳየው አሳዘነኝ።

«ነገ ስለ ገንዘብ ይጠይቀኛል» አለ። «ከጀርባው ሰው አለ፣ ብር የሚልኩለት ሌሎች ናቸው እያለ ያስወራብኛል።»

«እሰይ! ይጠይቅህ» አልኩት። «የሰጡህን ሰዎች ስም በወረቀት ይዘህ ውጣ። እሱ ስለ ቲሸርቱ ሲንተባተብ አንተ ጮክ ብለህ ታነባለህ። አለቀ።»

ወረቀት አወጣና ጻፈ። አሥራ ሦስት ሰው ሆነ።

ከሰዓት በኋላ አባ ራያን ልንጠይቅ በሞተር ሄድን። የነጂብ ሟች አባት ወዳጅ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው ቡናቸው መሀል ይኖራሉ። በአካባቢው ሰው ሲጣላ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። ማር አቀረቡልን፣ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ጠየቁኝ፣ የጤፍን ዋጋ ስነግራቸው «ያ ረቢ!» አሉ። ስንሰናበት የነጂብን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉለት። እጁ ሲመለስ ተጨብጦ ነበር፤ ወዲያው ኪሱ ከተተው።

መንገድ ላይ «ስንት ሰጡህ?» አልኩት።

«ሁለት ሺህ ብር። እሱ ግን አይጻፍም።»

«ለምን?»

«እዚህ እንዲህ ነው የሚሰጠው። በሰላምታ፣ እጅ ለእጅ። ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ ለዚህም። ቀኝ የሰጠውን ግራ አያውቀውም።»

«ያልተጻፈ ብር ጉቦ ነው የሚባለው፣ ነጂብ!»

«እሺ፣ መጀመሪያ ልጠይቃቸው።»

«ክርክሩ ነገ ጠዋት ነው። ደግሞስ መልካም ሠርቶ ማን ያፍራል?» ብዬ እስክሪብቶ አወጣሁና አሥራ አራተኛውን ስም በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ሐሙስ፦ ክርክሩ

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ በሩ ላይ ሁሉ ሰው ቆሟል። አባ ራያም መጥተው ከጎናቸው ቦታ ያዙልኝ። ክርክሩ በኦሮምኛ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ስብርባሪ ቢሆንም ዋናው ነገር አላመለጠኝም። ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ቡና ዋጋ ተባባሉና ገንዘቡ ጋ ደረሱ። ነጂብ «የዚህ ሁሉ ቲሸርትና የመኪናው ነዳጅ ከየት መጣ?» አለው።

ነጋዴው አልተንተባተበም። «ከእኔና ከወዳጆቼ» አለ። «ስማቸውን ግን አልጠራም። አማና ነው፤ አምነው ነው የሰጡኝ።»

«ሸሸ!» አልኩ በሆዴ። ነጂብም እንደተባባልነው ወረቀቱን አወጣና አሥራ አራቱን ስም አንድ በአንድ አነበበ። ጭብጨባው አዳራሹን ናጠው። የሬዲዮ ጣቢያ ሰዎች እየቀዱ ነበር፤ ሌላው በየስልኩ ይቀርጻል። ከዚያ ወጥተን አቮካዶ ጁስ ጠጣን፤ ሰማንያ ሰማንያ ብሩን እኔ ከፈልኩ። የድል ቀን መሰለኝ፣ ምን ላድርግ!

ዓርብ፦ ከጁምዓ በኋላ

ነጂብ ከመስጊድ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «አጠፋን» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው የቡና መሬት ለሦስት ዓመት ተጣልተዋል። ባለፈው ክረምት ታናሹ በገጀራ ተመትቷል፤ የተረፈው በእግዜር ቸርነት ነው። አባ ራያ ስንት ተመላልሰው ለምነው፣ ሁለቱም ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ለእርቅ ዛፍ ሥር ሊቀመጡ ተስማምተው ነበር። ታላቁ ግን የነጋዴው ቀንደኛ ደጋፊ ነው። ትናንት የአባ ራያን ስም ሲሰማ «ይሄ ሽማግሌ አይደለም፣ ደጋፊ ነው፤ ታናሼ ደግሞ የነጂብ ሰው ነው፤ እንዴት ይፈርዱልኛል?» ብሎ ቀረ። ታናሹ ዛፉ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ጠብቆ ሄዷል።

ይቅርታ ልንል ሄድን። አባ ራያ ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እንደ ወትሮው «ግቡ፣ ግቡ» አሉን። ገንፎ በቅቤ ቀረበ።

«አባ፣ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ነጂብ እንጠይቃቸው ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ብላ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። «ለነጂብ የሰጠሁት የወዳጄ ልጅ ስለሆነ ነው። ያኛውም ደጄ ቢመጣ በባዶ እጁ አልሸኘውም። እኔ ለማንም ወግኜ አላውቅም። አሁን ግን ማን ያምነኛል?»

«ሄጄ ለታላቁ ልንገረው? እግሩ ላይ ልውደቅ?»

«አንተ እንግዳ ነህ። ምን ብለህ ትነግረዋለህ? አልሰጡም ልትል ነው?»

ተማሪዎቼን መልስ አታጡ እያልኩ የማስተምር ሰው፣ ገንፎው ላይ አቀረቀርኩ። ነጂብ ሁለቱን ሺህ ብር ሊመልስ አወጣ፤ አባ ራያ እጁን መልሰው ዘጉት። «የሰጠሁትን አልቀበልም። ከነገ ጀምሮ ግን እኔ ጋ አትምጣ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ምርጫው እስኪያልፍ። ሰው ያያል።» ነጂብ እዚያ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ብሩን ኪሱ መልሶ ወጣና ሞተሩን አስነሳ።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲህ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ጊቤ ላይ ሁሉም ማንጎ ሊገዛ ሲወርድ እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። ማታ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ነጂብ ደወለ። ወንድማማቾቹ እንደገና ተደባድበዋል፤ ታላቁ ታስሯል፤ ታናሹ ጅማ ሆስፒታል ተኝቷል። ስለ ምርጫው አንዳችንም አላነሳንም።

ገንዘብ ፖለቲካን ያበላሻል ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አሁንም አምንበታለሁ። የነጋዴው «አማና» እውነተኛ ይሁን መሸሸጊያ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ብሩ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ፣ ሰጪው ሰው ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ብቻ ቢዘገይ ምን ነበረበት? አንድ ስም ቢቀር ምን እንሆን ነበር?

የክርክሩ ቪዲዮ በየስልኩ ዞሯል። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ «ግልጽነት ማለት ይሄ ነው! አንተ ነህ አሉ ያሠለጠንከው!» ብሎ አሳየኝ። ነጂብ የመጨረሻውን ስም ሲያነብ፣ አባ ራያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው አንገታቸውን ይደፋሉ። እዚያው አጠገባቸው ብድግ ብሎ፣ እሳቸውን ሳያይ፣ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚያጨበጭበው እኔ ነኝ።