የማካና ልደትና የደፈረሰው ባሕር

አክስቴ ሃውናኒ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የካዋይ ደሴትን ባሕር በጠርሙስ እየቀዳች ስታስመረምር የኖረች ሴት ናት። እስከ ጉልበቷ ትገባለች፣ ትቀዳለች፣ ቤተ ሙከራ ታደርሳለች፤ ጀርሙ ተቆጥሮ መልሱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ግን መልሱን አትጠብቅም፤ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳዋን ትተክላለች። ያንን ሰሌዳ የሚሰማ ሰው እስካሁን አላየሁም። ቱሪስቱ ለአገሬው የተጻፈ ይመስለዋል፣ አገሬው ለቱሪስቱ።

ጉዱ የመጣው የልጅ ልጇ ማካና አንድ ዓመት የሞላት ዕለት ነው። እኛ ዘንድ ለአንደኛ ዓመት ልደት ሦስት መቶ ሰው ካልበላ ልጁ እንደተወለደም አይቆጠር። አሳማው ሊበስል በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል፣ ድንኳኑ ባሕሩ ዳር ተተክሏል። ዋዜማውን ደግሞ ዝናብ ሲወርድ ስለዋለ ወንዙ ቡናማ ውሃ ወደ ባሕሩ ይተፋል። ያ ወንዝ እንኳን ዘንቦበት ድሮም ጤዛ ነው፤ ከላይ ያሉት ቤቶች የሽንት ቤት ጉድጓድ ሁሉ ወደ እሱ ይሰርጋል።

አክስቴ ጠዋት ውሃዋን ቀድታ፣ ሰሌዳዋን ተክላ፣ ጠርሙሱን አድርሳ፣ ልብሷን ቀይራ ስትመለስ ሰሌዳው የለም። አባቴ ኬኦኪ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ አሳማው ሲወጣ የሚቆራርጥበት ጠረጴዛ አጥቶ ነቅሎ ሁለት የበረዶ ሳጥኖች ላይ አጋድሞታል።

«አንተ፣ ምን ነካህ?» አለችው።

«ምን አደረግኩ? ንጹሕ ነው፣ አጥቤዋለሁ።»

«በምን ውሃ?»

አባቴ ወደ ባሕሩ አየ።

ነጥቃው መልሳ ተከለችው። ግን ሃያ ሕፃን ወደ ውሃው እየሮጠ ማን ሰሌዳ ያነባል? የኔዎቹም ሁለቱ ከፊት ነበሩ፣ አፈርኩ። አክስቴ አበባ ያለበት ረዥም ቀሚሷን እንደለበሰች ውሃው ጫፍ ሄዳ ቆመች። አራት ሰዓት ሙሉ የመጣውን ሁሉ መለሰች፣ ፓስተሩን ሳይቀር።

«የገዛ የልጅ ልጅሽን ድግስ አበላሸሽው» አላት አባቴ። «እኛ በዚህ ውሃ አይደል እንዴ ያደግነው? ምን ሆንን?»

«አንተ ምን እንደሆንክማ እያየሁ ነው።»

ሰው ሳቀ። በአባቴ ሳይሆን በእሷ ነበር የሳቁት። ማካናን ታቅፋ ፎቶ የተነሳችው እዚያው እንደቆመች ነው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ የተረፈውን ልንበላ ድንኳኑ ሥር ተሰብስበን ሳለ ስልኳ ጮኸ። አዳመጠች፣ ዘጋች። መዋሸት ትችል ነበር፣ ማን ያውቅባታል?

«ትናንት የቀዳሁት ውሃ ንጹሕ ነበር» አለች።

አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሸሚዙን አወለቀና ሕፃናቱን ጠራ። «ኑ ልጆች፣ ራሷ ፈቅዳለች።»

ባሕሩ አሁንም ቡናማ ነው። አክስቴ ሳህኗን አስቀምጣ ተነሳች፣ ቀደመችውና ውሃው ጫፍ ላይ ቆመች።

«የፈቀድኩት ለትናንት ነው» አለችው። «የዛሬውን ነገ እነግርሃለሁ።»