በሱቄ በር ላይ የተለጠፈው የሌላ ሰው ኪሳራ

ከጁምዓ ሶላት ስመለስ የተዘጋው የሱቄ በር ላይ የፍርድ ቤት የኪሳራ ማስታወቂያ ተለጥፎ ጠበቀኝ። ግማሹ አዲሱ ገበያ ከእኔ ቀድሞ አንብቦታል።

የከሰረው ከእኔ በፊት እዚህ የነበረው ነጋዴ ነው። ደንበኛ እንዳይርቀኝ ብዬ የሱቁን ስም አልቀየርኩም ነበር፤ ይኸው አተረፍኩ!

ጠበቃ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ሰውዬው በለቀቀው ቤት ስለተለጠፈ ማስታወቂያው ራሱ ያከራክራል። አንተን አይመለከትህም። ግን ፍርድ ቤት ሳያነሳው እንዳትነካው» አለኝ።

ዘይት የሚያስረክበኝ ነጋዴ ግን «ሙሄ፣ ከዛሬ ጀምሮ በካሽ ይሁን» ብሎኛል።

በሩ ተጠቅላይ ነው። ስከፍተው ወረቀቱ አብሮ ይጠቀለላል፤ ስዘጋው አደባባይ ይወጣል።

አሁን መግሪብ ደርሷል፣ ጎረቤቶቼ ዘግተው ሄደዋል። እኔ በሩን እይዛለሁ፣ መልሼ እለቃለሁ።

የሌላ ሰው ኪሳራ የተለጠፈባችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ እንዴት ዘግታችሁ ቤት ገባችሁ?