ሎሪስ እጇን ስታነሳ

ሰው ሲታሰር ወደማያውቀው ቦታ ይወስዱታል። እኔን ያሰሩኝ ለዓመታት ባዮሎጂ ባስተማርኩበት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹን አውጥተው፣ መስኮቶቹን በቆርቆሮ መትተው፣ በሩ ላይ ወታደር አቁመዋል። ስገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን እፍረት ነበር፤ ቤቴ ሳይጠረግ እንግዳ የገባብኝ መሰለኝ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን ተኮራምተዋል። የመንዝ ብርድ ከወለሉ ተነስቶ አጥንት ይገባል። ግድግዳው ላይ የዝንጀሮና የጦጣ ዘመዶችን የሚያሳየው ሥዕል ብቻ እንደተሰቀለ ቀርቷል።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ ስጠይቅ "አንተው ታውቀዋለህ" አሉኝ። እስካሁን አላወቅሁትም።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም መሪጌታ እንላቸዋለን። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው ያስላሉ። ወታደሮቹ ለአፈሳ የመጡ ዕለት ተማሪዎቻቸው ጎጇቸውን ጥለው ወደ ገደሉ ሸሽተዋል። የእስር ቤቱ ኃላፊ ግን "ጫካ የላኳቸው እርስዎ ነዎት" ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኃላፊው ሁለታችንን አስጠራን።

"ነገ ጠዋት ቪዲዮ እንቀርጻለን" አለኝ። "ሁላችሁም እጃችሁን አንስታችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ 'ደስተኞች ነን' ትላላችሁ። አባ ደግሞ ተማሪዎቻቸውን 'ኑ፣ ምንም አይነካችሁም' ብለው ይጠሩልናል። ከዚያ እሳቸውም አንተም ወደ ቤታችሁ። እምቢ ካሉ መኪናው ቆላ ካለው ካምፕ ያደርሳችኋል። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ምከራቸው።"

"ልጆቹ ሲመጡስ?" አሉ መሪጌታ።

"እሱን ለእኛ ይተዉት።"

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ዓይኔን ወደ ቤቴ ወረወርኩ። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው፤ አንዳንዴ የሚስቴን ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል። መሄድ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም።

"በዚህ ሳል ካምፕ ገብተው አይወጡም፣ መሪጌታ" አልኳቸው።

"በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል" አሉኝ። "ዕድሜዬን በሙሉ በሬው እኔ ነኝ ብዬ ስጠነቀቅ ኖርኩ። እነዚህ ደግሞ ሳሩን ሁን አሉኝ።" ቁርጡን ግን አልነገሩኝም።

ከሰዓት በኋላ የበሩ ጠባቂ ገባ። ከሩቅ አገር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ሲያይ ፊቱ በራ።

"መምህር፣ ይሄ ዓይኑ የፈጠጠው እኮ ስልኬ ላይ አለ!"

ስልኩን አዞረልን። አንዲት ድመት የምታክል፣ ዓይኖቿ ፊቷን የሞሉ እንስሳ አልጋ ላይ ተንጋላለች። የሰው እጅ ብብቷን ይኮረኩራል፤ እሷም ሁለት እጆቿን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ታነሳለች። ከታሰርን ወዲህ ክፍሉ እንዲያ ስቆ አያውቅም።

"እንዴት እንደወደደችው እዩ! 'ጨምሩልኝ' እኮ ነው የምትለው!"

አፌን መያዝ ነበረብኝ። የአስተማሪ አመል ግን አይለቅም። "አልወደደችውም" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ጠባቂው ትኩር ብሎ አየኝ። "እንዴት አወቅህ?"

ተነስቼ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ሎሪስ ትባላለች አልኩ። ቀጭኖቹ ዝርያዎች በህንድና በስሪላንካ፣ ዝግተኞቹ ደግሞ ከዚያ በስተምሥራቅ እስከ ጃቫና ቦርኒዮ ደኖች ይኖራሉ። ቀን ተኝተው ውለው ማታ በቅርንጫፍ ላይ ያዘግማሉ፤ ሮጠው አያመልጡም። ዝግተኛዋ ስትፈራ እጇን የምታነሳው ክርኗ አጠገብ መርዝ ስላላት ነው፤ ያንን ልሳ ትነክሳለች። ይዘው የሚሸጧት ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ጥርሷን በጉጠት ይነቅሉታል። ብዙዎቹ በቁስሉ ይሞታሉ። ደኑ እየተመነጠረ፣ እነሱም ለመድኃኒትና ለቤት መጫወቻ እየተያዙ አብዛኞቹ ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው፤ የጃቫዎቹማ ከጫፍ ደርሰዋል። መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ይሸጣሉ ግን።

"ጠባቂ የላቸውም?" አሉ መሪጌታ። "የጓሳን ሣር ምድር አባቶቻችን ከልለው ባያቆዩት ቀይ ቀበሮው ዛሬ የት ይገኝ ነበር?"

"አንዳንድ ቦታ አላቸው። ግን ይህን ቪዲዮ ያየ ሁሉ ደስ ያላት ይመስለዋል። 'ለእኔም አንድ ይገዛልኝ' ይላል፤ ሌላ ትያዛለች።"

መሪጌታ ስልኩን ረጅም ጊዜ አዩት። "በእሷ እጅ ሌሎቹን ይይዛሉ በለኛ" አሉ ቀስ ብለው። ጠባቂው ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈን ተሰለፍን። የሚቀርጸው ያው ጠባቂ ነበር። ኃላፊው ከጎኑ ቆሞ "እጅ ወደ ላይ! ፈገግታ!" አለ። እጆች ተነሱ፤ የእኔም ተነሳ። መሪጌታ ብቻ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ ቆሙ።

"አባ፣ እጅዎን!"

"ደስ ሲለኝ አነሳዋለሁ" አሉ። "አሁን ግን ፈርቻለሁ።"

ኃላፊው እንደገና እንዲቀረጽ አዘዘ። እንደገና "ፈርቻለሁ" አሉ። ድምፃቸው አልከረረም፤ የአየሩን ሁኔታ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

"ማን ነካዎት? ምን ያስፈራዎታል?"

"እናንተ ናችኋ። ልጆቼ ካዩኝም መምህራችን ፈርተው ነበር ብለው ይወቁት።"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። አየኝ። የቤቴ ቆርቆሮ ከአጥሩ በላይ ይታየኝ ነበር። እጄን አወረድኩና "እኔም ፈርቻለሁ" አልኩ። ከወዲያ ጫፍ ሹፌሩ "እኔም" አለ። ከዚያ አንድ ገበሬ። እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

"አጥፋው!" አለ ኃላፊው። ጠባቂው ቶሎ አላጠፋውም።

የዚያኑ ዕለት መሪጌታንና እኔን ጫኑን። በካምፑ ስለነበረው ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል፤ አሁን አልችልም። ተማሪዎቹን የጠራቸው የለም፤ የተያዘም የለም። መሪጌታ በሕይወት ወጡ፤ ሳሉ ግን አብሯቸው ቀረ።

ዛሬ ሞላሌ ገበያ ስንገናኝ እጄን ይዘው "እንዴት ነህ?" ይሉኛል። ባገራችን ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ የታመመም፣ ሰው የሞተበትም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" ይላል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። እሳቸው ግን እጄን አይለቁም፤ ሰው እየገፋን ይጠብቁኛል።

"ዛሬም እፈራለሁ፣ መሪጌታ" እላቸዋለሁ።

"እኔም" ይሉኛል። ከዚያ ስለ ገብሱ እናወራለን።