ሰላሁዲን የደፈነው ቤት

ሰላሁዲንን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ከሰው የማይገጥም ነው። ድሮ መርካቶ ኩሊ ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው ሸክሙን ተወና ከጅምላ ሱቆቹ ባዶ ካርቶን እየለቀመ መሸጥ ያዘ። ክረምት ሲገባ ግን ደህና ደህናውን አይሸጥም፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ይደፍንበታል። እዚህ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ጭቃው ያልረገፈ ግድግዳ የታለና! ካርቶኑን በዱቄት ሙጫ ደራርቦ ይለጥፋል፣ በላዩ ማዳበሪያ ወጥሮ በምስማር ይመታል። ገንዘብ አይጠይቅም። ሻይ ከሰጡት ይበቃዋል፣ ስኳሩን ሲገለብጥ እያዩ ዝም ማለት ግን ይከብዳል።

አንድ አመል አለው፤ ቤቱን ከመድፈኑ በፊት የከሰል ምድጃውን ይወስዳል። "መጀመሪያ ምድጃውን ይስጡኝ" ነው የሚለው። ኩሊ ሳለ አብሮት የሚያድር ኢስሀቅ የሚባል ጓደኛ ነበረው። በብርድ ጊዜ በሩን በጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ከሰል አስገብተው ተኙ። ሰላሁዲን ራሱን እያዞረው ለሱብሂ ሶላት ወጣ። ሲመለስ ኢስሀቅ አልነቃም። ከዚያ ወዲህ የተደፈነ ቤትና ከሰል አንድ ላይ ማየት አይችልም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ጎረቤቴን እትዬ ሠርኬን ሳል ያዛቸው። ዘመድ የላቸውም። ሐኪሙ "ብርድ እንዳይነካዎት" ብሎ ሸኛቸው። ብርድ እንዳይነካዎት! ሙቀት መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ይመስል። የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳይሰኩ ቆጣሪው የግቢው የጋራ ነው፤ ሂሳቡ ናረ ተብሎ ምድጃ ተከልክሏል። እኔስ ብሆን ከየት አምጥቼ ልክፈል?

ሰላሁዲን ቀኑን ሙሉ ሲደፍንላቸው ዋለ። ምድጃቸውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ መረቁት። ምግቡም ሻዩም ከእኔ ቤት እየሄደላቸው ሰነበቱ፤ ሳሉ ቀለል አለላቸው። እሰይ፣ ክረምቱን ሊወጡት ነው አልኩ።

ከዚያ ዝናቡ አላባራ አለ። አንድ ጠዋት ሰላሁዲን ሊጠይቃቸው መጥቶ ቢያንኳኳ መልስ የለም። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት። ቤቱ ይሞቃል። እትዬ ሠርኬ ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸው አመድ መስሏል፣ መናገር አቅቷቸዋል። አልጋው ሥር፣ የወተት ጣሳ ውስጥ ከሰል ይግላል። ከየት እንዳገኙት እግዜር ይወቀው።

አቅፎ ደጃፍ አወጣቸው። ነፍስ ሲዘሩ መጀመሪያ ያሉት "ከሰሌን እንዳትደፉብኝ" ነው። ሳቄም ልቅሶዬም እኩል መጣ። ጣሳውን አንስቼ ዝናቡ ላይ ደፋሁት። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ።

"እትዬ፣ ሁለተኛ ላላስገባ ብለው ይማሉልኝ" አላቸው ሰላሁዲን።

"አልምልም። የማልጠብቀውን ልማል? ብርዱ ሲጠናብኝ አንተ አለህ?"

ሰላሁዲን ገባና ካርቶኑን መንቀል ጀመረ።

"ሰውዬ አብደሃል እንዴ? ሳሉ ይገድላቸዋል!" ብዬ ጮህኩበት።

"አውቃለሁ ሩሀማ። ሳሉ ጊዜ ይሰጣል።"

ማዳበሪያውን ቀደደው። በገዛ እጁ የመታውን ምስማር አንድ በአንድ ነቀለው። እንባው ይወርዳል፣ አልደበቀውም። እኔም ልከለክለው ብዬ እጄን ዘርግቼ እዚያው ቀረሁ፤ ምን ብዬ ልከልክለው? ነፋሱ ወዲያው ገባ፣ የአልጋ ልብሱን እስኪያነሳው ድረስ።

እትዬ ሠርኬን መልሰን አስገባናቸው። ጋቢያቸውን ተጠቅልለው ባዶውን ግድግዳ አዩት፣ ከዚያ ሰላሁዲንን። ይራገማሉ ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ታዲያ በምን ልሙቅ?"

"አላውቅም እትዬ" አላቸው።