ለእህቴ የተመረጠው ዘፈን

ከዓለም ባንክ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሁለት ወጣቶች የየትኛው ዘመን ዘፈን ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ፣ ሬዲዮው ያንን ዘፈን ለቀቀው።

ልጅ ሳለሁ፣ ኮልፌ ቤታችን ተሰብስበን የበዓል የዘፈን ምርጫ ስንሰማ፣ አንድ ወታደር በዚሁ ዘፈን ታላቅ እህቴን “እንኳን አደረሰሽ” አላት። ስሟ ከነአባቷ ተጠራ። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔን ቅናት አንገበገበኝ። እናቴ ሽንኩርት መክተፏን ትታ፣ “ይቺ ልጅ ከቤት ወጣች በሉ” አለች። እህቴ ግን እዚያው አጠገቤ ነበረች።

በማግስቱ እኔም ለሬዲዮው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ዘፈን መራጯም የተመረጠላትም እኔው ነበርኩ። እስከ ዛሬ አልተነበበም።

“ማዘር፣ እርስዎስ የቱን ይመርጣሉ?” አለኝ አንደኛው ወጣት።

“ይሄኛው እንኳ አይረባም” አልኩት።

እስኪያልቅ ስሰማው ግን ፌርማታዬ አለፈኝ።