ጋሎኑን ከዓይንሽ እንዳታጠፊ

ባለቤቴ ወጣትነቱን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ጨርሶ፣ አገር ሲገለባበጥ በሱዳን አድርጎ አትላንታ የገባ ሰው ነው። አትላንታ ደግሞ ባሕር የላትም። እሱ ግን ታክሲ እየነዳ ቆይቶ ቆይቶ አንዲት ያረጀች የሸራ ጀልባ ገዛና ከአትላንታ ጥግ ስማይርና ባለው ቤታችን ጓሮ በትሬይለር አምጥቶ ገተራት። ጎረቤቶቻችን ሣር ሲያጭዱ እሱ የጀልባ ሆድ ይፍቅ ነበር። "ምነው እንደ ሰው የሥጋ መጥበሻ ብትገዛ" እለዋለሁ። አይስቅም።

ሐሳቡ ጀልባዋን ጠግኖ፣ ቅጠል ሲረግፍ በከባድ መኪና እስከ ጆርጂያ ጠረፍ አስጎትቶ፣ የብርዱን ወራት በካሪቢያን ደሴቶች መሐል መዞር ነው። ባሕረኞቹ ሦስት ነን። እሱ፣ እዚያው አጠገብ ዲኬተር መኪና ማቆሚያ የሚሠራው የባሕር ኃይል ጓደኛው፣ እና እኔ። እኔ እንግዲህ ኮምቦልቻ ተወልጄ ከቦርከና ወንዝ ሌላ ውሃ የማላውቅ ሴት ነኝ። ዋና እንኳ የተማርኩት እዚሁ፣ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ ነው። ለምን እሺ አልሽ ብትሉኝ፣ ባሕሩን ወድጄ አይደለም። ቤት ውስጥ ከታክሲው ወርዶ ሶፋው ላይ የሚደፋው ሰውዬ፣ መሪ ሲጨብጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ያንን ሰው ወደድኩት። አብሬው መሄድ ፈለግኩ።

በየቅዳሜው ከከተማው ሰሜን ካለው ሐይቅ ወርደን ያሠለጥነናል። የመጀመሪያው ሕጉ ያዩትን ወዲያው መናገር ነበር። "ወለሉ ላይ ጠብታ ውሃ ካየሽ ተናገሪ። ተኝቼም ከሆነ ቀስቅሺኝ። እየሰገድኩም ከሆነ ተናገሪ" ይለኛል። ይሄ ለእኔ ቀላል አይደለም። እኛ ቤት የተኛ ትልቅ ሰው አይቀሰቀስም፤ ክፉ ወሬም ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም።

ሁለተኛው የጋሎኑ ልምምድ ነው። ባዶ የወተት ጋሎን ግማሽ ውሃ ይሞላና በድንገት ወደ ሐይቁ ወርውሮ "ሰው ወደቀ" ይላል። ጓደኛው ሸራውን ይይዛል፣ እሱ ጀልባዋን ያዞራል። የእኔ ሥራ ጣቴን ቀስሬ ጋሎኑን መጠቆም ብቻ ነው። ገመድ አልነካም፣ ዞር አልልም። ማዕበል ላይ የሰው ጭንቅላት አንዴ ከዓይን ከጠፋ አይገኝም ይላል። ደህና ጠቋሚ ወጣኝ። ጓደኛው "የአንቺ ዓይን ዕዳ አስከፋይ ነው" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ልንነሳ የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ዕለት ስልክ ተደወለ። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው የጀመዓችን ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?" አሉኝ። ወዲያው ገባኝ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ኮምቦልቻ አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ገመድ እየቋጠረ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ይሰማኛል።

"እህቱ ከዋሽንግተን እስክትደርስ አፍሽን ያዢ። እሁድ ሱብሒ ሰግደን መጥተን እናረዳዋለን" አሉ።

"አባባ፣ እሁድ ጠዋት እኮ ነው የምንነሳው። ቅዳሜ ደግሞ እናቱ ጋ ሊደውል ነው። ዱዓ ሳያደርጉልኝ መልሕቅ አልነቅልም ብሏል።"

"የስልክ ካርዱን ደብቂበት። ሰው መርዶ ብቻውን አይረዳም፣ ነውር ነው።"

ወላሂ ስልኩን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ነበር። ግን "እሺ አባባ" አልኩ። የስልክ ካርዱን ምስር ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት አይነሱ። እሱ የእናቱን ነገር ያወራል፤ ከደሴቶቹ ዛጎል ሊልክላቸው፣ እሳቸውም "ዛጎል ይበላል ወይ" ብለው ሊቆጡት። እኔ ሽንኩርት ባልከትፍም እንባዬን እጠርጋለሁ። ጓደኛውም ሰምቶ ኖሮ በር ስከፍትለት መሬት መሬት ያያል። መርዶ ነጋሪዎቹ ቢዘገዩና መኪናው ቀድሞ ቢመጣስ? እናቱ አፈር ከለበሱ ወር አልፎ አንድ ደሴት ላይ ሊሰማ፣ እኔም እስከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያወቅኩ ልስቅለት ነው። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ የእኔን እውነትም ፈጀው።

ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ሐይቅ ወረድን። ነፋሱ ደህና ነበር፤ እሱም ደስ ብሎታል። "ቶሎ ጨርሰን ቤት እንግባ፣ እናቴ ሳትተኛ ልደውል" አለና ጋሎኑን ወረወረ። "ሰው ወደቀ።"

ጣቴን ቀሰርኩ። ነጩ ጋሎን ብቅ ጥልቅ ይላል። እናቴ ሳትተኛ ያላት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረች፤ ዓይኔ ሞላ። ሐይቁ ሁሉ ነጭ ሆነብኝ።

"የት አለ?" አለ መሪውን ይዞ።

"አላውቅም።"

"እንዴት አላውቅም? ይሄ ሰው ቢሆን ሞቷል እኮ። ምን ነክቶሽ ነው?"

"እናትህ ሞተዋል" አልኩት።

ጓደኛው አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ ጀልባዋን አዞረ፣ እንደገና አዞረ፣ ጋሎኑን እስኪያገኘው ድረስ ሐይቁን አሰሰ። በመንጠቆ አወጣውና ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ "ኢና ሊላሂ" አለ። ከዚያ "መቼ?" አለኝ።

"ማክሰኞ።"

"ዛሬ ቅዳሜ ነው።"

ወደ ጓደኛው ዞረ። "አንተም?" ጓደኛው የሸራውን ገመድ ለቀቀ። "ወለሉ ላይ የታየ ውሃ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሰጥመናል" አለ ባለቤቴና ሸራውን አወረደ። ቤት ደርሰን ካርዱን ከምስሩ ውስጥ አውጥቼ ስሰጠው፣ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ እህቱን ይዘው መጡ። "ማወቄን እንዳትናገሪ፣ ያፍራሉ" ብሎኝ ነበር። እንደተኛ ሰው ጋቢውን ለብሶ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው የዱንያን ነገር፣ የሞትን ሐቅነት ዞር ዞር አድርገው አረዱት። ወለሉ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እህቱ ላዩ ላይ ወደቀች። የትኛው ለቅሶ ለእናቱ፣ የትኛው ለሽማግሌዎቹ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እኔ ላይ ግን አላለቀሰም። እህቱን፣ ጓደኛውን፣ ሽማግሌዎቹን እያቀፈ ሲያለቅስ እኔን አለፈኝ። ሽማግሌው ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው "ጨዋ ልጅ ነሽ፣ አፍሽ ቁልፍ ነው" አሉኝ። እሱ ይሰማ ነበር።

ጀልባ ጎታቹ መኪና መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። በዓመቱ ቅጠሉ ሲረግፍ ሄዱ፤ እሱና ጓደኛው። አትሄጂም ብሎ አልነገረኝም። ሊነሱ ሲሉ አንድ ቀን የልብስ ቁም ሣጥኔን ስከፍት፣ ጀልባዋ ላይ የነበረው የመንሳፈፊያ ሰደርያዬ ታጥቦ ደርቆ ከካፖርቶቼ ጎን ተሰቅሎ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ስልክ ካለበት ደሴት ሁሉ ይደውላል። ከሰላምታ በፊት "የደበቅሽኝ ነገር አለ?" ይለኛል።

"የለም።"

ድምፄን እየመረመረ እንደሆነ አውቃለሁ።

"እውነቴን ነው" እለዋለሁ።

"እሺ" ይላል። ከዚያ ሰላምታውን ይጀምራል።